ፕሬዠር ኩከር በአዲስ አበባ ኩሽና
አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ሽምብራና ቦሎቄ እሳት ላይ ውለው አልበስል የሚሉበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ከሚገኝ የቤት ዕቃ መደብር የገዛነው ባለ አምስት ሊትር ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው፣ ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ሽምብራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ቀይ ቦሎቄ በሚገባ ካልበሰለ ሆድ የሚያውክ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቶ በአዲስ ውሃ መቀቀል ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ ድስቱ አስተማማኝ ነው።

ለዶሮ ወጥ ግን አልመክረውም። ሽንኩርቱ በክፍት ድስት ቀስ እያለ ሲቁላላ የሚያገኘውን ጣዕም የታፈነ እንፋሎት አይሰጠውም፤ የእኛ ቤት ባለሙያዎችም በዚህ ጉዳይ አይደራደሩም። ምስርና ክክ ሲቀቀሉ አረፋቸው የእንፋሎት መውጫውን ሊደፍነው ስለሚችል፣ ድስቱን ከግማሽ በላይ መሙላት አይገባም።

የአሠራር መመሪያው በአማርኛ አለመዘጋጀቱ ትልቁ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ክዳኑን ለመክፈት የሚሞክር ሰው ክፉኛ ሊቃጠል ይችላል። የክዳኑ ጎማም ከጊዜ በኋላ ስለሚደርቅ፣ ገዢው መለዋወጫው መኖሩን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ።