የጨርቅ ናስትሮ ለበር ሽቦ ይሆናል? ቴሳ 51608ን ከነማገናኛው ልንገራችሁ

ከዱባይ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ከማስመጣቸው እቃዎች አንዱ ይሄ ቴሳ የሚባለው ኩባንያ 51608 የሚለው የጨርቅ ናስትሮ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ያየው ሁሉ "ይሄ ነገር ምንድነው፣ ለበር ሽቦ ይሆናል ወይ" እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ናስትሮው አሪፍ ነው። ግን የመኪና በር ሽቦ በናስትሮ አይጠገንም፣ ናስትሮ የሚመጣው ጥገናው ካለቀ በኋላ ነው። አሁን ለምን እንደሆነ ልዘርዝረው፣ ጊዜ ያለው ይከተለኝ።

እቃው ጥቁር ነው፣ ከላዩ እንደ ስስ ብርድ ልብስ ለስለስ ያለ ጸጉር አለው፣ የፖሊስተር ፍሊስ ነው። እኔ የምወስደው 19 ሚሊ ስፋት 25 ሜትር ርዝመት ያለውን ጥቅል ነው። መቀስ አይፈልግም፣ በእጅ ይቀደዳል፣ ይሄ ተራ ነገር ይመስላል ግን አንድ እጅህ በር ውስጥ ገብቶ ሽቦ ይዞ፣ በሌላው ናስትሮ ልትቆርጥ ስትሞክር ይገባሃል። ዋና ስራው ድምጽ ማጥፋት ነው። ኮብልስቶን ላይ ስትነዳ ከበሩ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ካለ ብዙ ጊዜ ከክሊፑ የወጣ ሽቦ ወይም ሶኬት ላሜራ እየመታ ነው፣ እሱን በዚህ ጠቅልለህ ክሊፑን መልሰህ ስትመታው ጸጥ ይላል።

ተራው ጥቁር ፕላስቲክ ናስትሮ እዚህ ጋ ነው የሚያሳፍረው። ፀሀይ ላይ የቆመች መኪና በር ውስጡ ይግላል፣ ሙጫው ይቀልጥና ናስትሮው ይንሸራተታል፣ ከዚያ ጫፉ ይገለጥና አቧራ ይለብሳል፣ ከአመት በኋላ ስትከፍተው እጅህ ላይ የሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ ነገር ብቻ ነው። ከስሩ ያለው ደግሞ በእጅ የተጠማዘዘ ሽቦ ከሆነ፣ እንኳን ሊይዝ ራቁቱን ነው ያለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በር ከሌላው የመኪና ክፍል የሚለየው ሽቦው በየቀኑ የሚታጠፍ መሆኑ ነው። ከበሩና ከምሶሶው መሀል ያለችውን እጥፍጥፍ ጎሚኒ ታውቃላችሁ፣ የመስታወቱ፣ የሴንትራል ሎኩ፣ የስፖኪዮው፣ የስፒከሩ ሽቦ ሁሉ በሷ ነው የሚያልፈው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያች ውስጥ ይታጠፋል። መዳቡ አንድ በአንድ ይበጠሳል፣ ላስቲኩ ግን ደህና ነው፣ ከውጭ ምንም አይታይህም። የሹፌር በር ደግሞ ብዙ ሽቦ ስላለውና ብዙ ስለሚከፈት ቀድሞ ይሄዳል፣ የራይድ ስራ ላይ ያለች መኪና ከሆነች ግን የኋላዋ ቀኝ በርም አትተርፍም።

በቅርቡ አንድ የራይድ ልጅ ቪትዝ ይዞ መጣ። የሹፌሩ መስታወት አይወርድም፣ ሌላ ጋራዥ የመስታወቱ ሞተር ተቃጥሏል ብለውታል፣ "ወንድሜ ሶማሌ ተራ ሄጄ ሞተር ልግዛ ወይስ ካንተ ጋ አለ?" አለኝ። ቆይ አልኩት፣ ቁልፉን ክፈትና ማብሪያውን ወደ ታች ተጭነህ ይዘህ በሩን ቀስ እያልክ ክፈተው። ግማሽ ላይ ሲደርስ መስታወቱ ዘፍ ብሎ ወረደ። ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ቆመ። ልጁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሞተር ሊገዛ የነበረ ሰው ነው እኮ። ጎሚኒዋን ከምሶሶው በኩል አውጥቼ ወደ ኋላ ሳብኳትና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣት ይዤ ሳብ ሳብ አደረግኳቸው፣ ደህናው ሽቦ አይለጠጥም፣ ውስጡ የተበጠሰው ግን ላስቲኩ ብቻ ስለቀረ ይለጠጣል። አንዱ ወፍራም የሞተር ሽቦ ተለጠጠ፣ ላስቲኩን ስሰነጥቀው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። አጠገቡ ያለው የስፒከር ሽቦም እየሄደ ነበር፣ እሱንም አብሬ ሰራሁት።

ቪትዝ ካነሳን አይቀር፣ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረላቸው መኪኖች ላይ የማየው የበር ሽቦ ጉድ ነው። የመስታወት ማብሪያው ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስለሚዛወር ሽቦው ሲያጥር ይቀጠላል፣ ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፣ ግን እኔ ከከፈትኳቸው ውስጥ ተጠማዞ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ፣ ያውም ልክ ጎሚኒው መሀል የተቀጠለ ያጋጠመኝ አለ። እዚያ ቦታ ላይ መቀጠል ማለት የሚታጠፈው ቦታ ላይ ቋጠሮ ማስቀመጥ ነው፣ አይቆይም። የቤት መኪና በነዳጅ የሚሄድ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ መግባት ስለተከለከለ እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ አመት ይሮጣሉ፣ ስለዚህ በደንብ መስራት ያዋጣል።

"ተጠማዞም ቢሆን እኮ ይሰራል" የሚሉኝ አሉ። ይሰራል፣ ግን ሒሳቡን እይ። የመስታወት ሞተር 10 አምፔር እየሳበ ነው እንበል፣ መጋጠሚያው ላይ 0.1 ኦም ብቻ መቋቋም ካለ 1 ቮልት እዚያው ይጠፋል፣ 10 ዋት ደግሞ እዚያች ቋጠሮ ላይ ሙቀት ይሆናል። መስታወቱ ሲወጣ የሚያቃስተው፣ ላስቲኩ ቡናማ የሚሆነው በዚህ ነው። ቴስተር ያለው ሰው መስታወቱ እየተንቀሳቀሰ ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ቮልት ይለካ፣ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፣ ግማሽ ቮልት ካለፈ ግን ፈታ አድርገህ እንደገና ስራው።

እኔ የምጠቀመው ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተረውን የክሪምፕ ማገናኛ ነው፣ ክሪምፕ ማለት ሽቦውን በፒንሳ ተጨብጦ የሚይዝ ማለት ነው። ቀዩ ለቀጭን፣ ሰማያዊው ከ1.5 እስከ 2.5 ካሬ ሚሊ ላለው፣ ቢጫው ለወፍራም ነው፣ በር ውስጥ ቢጫ ብዙም አያስፈልግም። ሽቦውን መዳቡ እስኪያበራ ድረስ ወደ ኋላ መቁረጥ ነው፣ የጠቆረ መዳብ ላይ ምንም ብታጠብቅ አይረባም። ሽቦው አጠረ ካልክ በዚያው ውፍረት ሽቦ ቀጥል፣ ከዚያ መጋጠሚያውን ከጎሚኒው አርቀህ ወይ በሩ ውስጥ ወይ ከምሶሶው ወደ ውስጥ አስገባው። ሁለት ሶስት ሽቦ ከሆነ ደግሞ መጋጠሚያዎቹን አንድ ቦታ አትደርድራቸው፣ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ፣ አለበለዚያ እንደ ክርን የወጣ ነገር ይሆንና በቀዳዳው አይገባልህም። ሙቀቱን በሙቀት ሽጉጥ ስጠው፣ ሙጫው በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ብቅ ሲል ይበቃል። ላይተር የሚጠቀሙ አሉ፣ የዚያኛውን ሽቦ ሲያሞቁ የጎረቤቱን ላስቲክ ያቀልጡታል።

ሶልደርስ? ሶልደር ቤት ውስጥ ለማይነቃነቅ ነገር ጌታ ነው። በር ላይ ግን ቆርቆሮው በመዳቡ ክሮች ውስጥ ሰርጎ ሽቦውን ድርቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ድርቁ አልቆ ለስላሳው የሚጀምርበት ላይ ይሰበራል። ከሚታጠፈው ቦታ ርቆ፣ ታስሮ ከሆነ ችግር የለውም። እነዚያ ግልጽ ሆነው መሀላቸው ላይ የቆርቆሮ ቀለበት ያላቸው በቪዲዮ የሚያብረቀርቁት ማገናኛዎች ደግሞ ለኔ ለበር አይሆኑም፣ ሽቦውን የሚጨብጥ ብረት የላቸውም፣ የያዘው ያቺ ቆርቆሮ ናት፣ እሷም በደንብ መቅለጧን ማረጋገጥ ከባድ ነው።

ወደ ናስትሮው ልመለስ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጎሚኒው ውስጥ አትጠቅልሉ። ጥገናው ሲያልቅ ደስ ብሏቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥብቅ አድርገው የሚጠቀልሉ አሉ፣ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተላልፈው መታጠፍ ሲያቅታቸው ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይታጠፉና እዚያው ይበጠሳሉ። እዚያ ውስጥ ልቅ ይሁኑ፣ ከጎሚኒው ከወጡ በኋላ ነው መጠቅለል። ሁለተኛ፣ ፍሊስ ውሀ ይይዛል። በር ውስጥ ደግሞ ውሀ ይገባል፣ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ክረምት ላይ በመስታወቱ ጎን ገብቶ ወርዶ በበሩ ስር ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ ነው የተሰራው። ስለዚህ 51608ን ከፕላስቲኩ ወዲህ፣ በደረቁ ወገን ብቻ ነው የማደርገው። ላሜራ የሚያሽበት፣ ሹል ጠርዝ ያለበት ቦታ ላይ ያው ኩባንያ 51036 የሚለው ሌላ ጨርቅ አለው፣ እሱ መፋተግን ይችላል፣ ሙቀትም እስከ 150 ዲግሪ ነው የሚባልለት። ሁለቱን አንድ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ፣ ሲዳሰሱ ራሱ ይለያያሉ።

ፕላስቲክ ስል የበሩን ፓኔል ስትፈታ ከስሩ በጥቁር ማስቲካ የተለጠፈውን ማለቴ ነው። አቦ እሱን ቀዳችሁ አትጣሉት! ብዙ በር ስከፍት የለም፣ አንዱ ባለሙያ ጥሎታል፣ ከዚያ ባለቤቱ ምንጣፌ ለምን ይረጥባል፣ ማብሪያዬ ለምን ዛገ ይላል። ማስቲካው ደርቆ ከሆነ አሞቅ አድርጎ መመለስ ይቻላል፣ ካልያዘ አዲስ ማድረግ ነው። ስሩ ያሉትን የውሀ መውጫ ቀዳዳዎችም በስስ ሽቦ ነካ ነካ አድርጓቸው፣ ጭቃ ይደፍናቸዋል። ሽቦ ወደ ሶኬት ሲገባ ደግሞ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተመልሶ እንዲወጣ ተወው፣ ውሀ በሽቦው ተንሸራቶ ቢመጣ ዝቅታው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ሶኬቱ ቀጭ ብሎ መቆለፉን ጆሮህ ይስማ፣ መቆለፊያው የተሰበረ ከሆነ ኬብል ታይ አድርግበት እንጂ ዝም ብለህ አትተወው።

ፓኔሉን ከመግጠምህ በፊት መስታወቱን እስከ ታች አውርደህ አውጣው፣ ሽቦው ከሀዲዱ ጋ አለመነካካቱን በአይንህ እይ። ቢጫ ሶኬት ካየህ እሱ ኤርባግ ነው፣ አንዳንድ መኪና በር ውስጥ የግጭት ሴንሰር አለው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሳትፈታ አትንካው፣ ቶዮታ ከፈታህ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቅ ነው የሚለው። እሱን ሽቦ በቴስተር ካልመረመርኩ የሚል ካለ ኧረ ተው።

ዋጋው ከተራው ናስትሮ በብዙ ይወደዳል፣ ግን ለአንድ በር የምትጠቀመው ትንሽ ነው፣ አንድ ጥቅል ብዙ መኪና ይሰራል። ለራሱ መኪና ብቻ የሚፈልግ ሰው ሙሉ ጥቅል ባያስመጣ ይሻላል፣ ከሚያውቀው ኤሌትሪሺያን ሁለት ሜትር ይጠይቅ፣ እኔም እሰጣለሁ። ብር ካላችሁ ግን መጀመሪያ የክሪምፕ ፒንሳ ግዙ፣ ያ እስከ መጨረሻው ካልተጨበጠ የማይለቀውን አይነት። ተራው ፒንሳ ላይ እጅህ ሲደክም መጋጠሚያውም ይደክማል፣ ሳብ ስታደርገው ሽቦው ተንሸራቶ ይወጣል፣ እኔ እያንዳንዱን ከጨበጥኩ በኋላ ሳብ ሳላደርግ ሙቀት አልሰጠውም።