ምግብ ቤት መብላት ወይስ ከዱር ፍሬ ማርማላታ መሥራት?

ወጪ፦ ምግብ ቤት የሚከፈለው ለአንድ ማዕድ ነው። የዱር ፍሬ በነጻ ይለቀማል፤ ስኳሩ ግን የፍሬውን ክብደት ሊያህል ስለሚችል ቁጠባው የሚወራለትን ያህል አይደለም።

ድካም፦ ምግብ ቤት በልቶ መነሣት ነው፤ ሳህኑን የሚያጥበው ሌላ ነው። ማርማላታ ግን መልቀም፣ ማጠብ፣ ሳያቋርጡ ማማሰል ይጠይቃል። በባሕር ጠለል ከፍታ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይረጋል፤ ከፍ ባለ ስፍራ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታውን ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጎ በጣት መግፋት ነው፤ ገጹ ከተጨማደደ ደርሷል። ፔክቲን የሚባለው በውስጣቸው ያለ ንጥረ ነገር ማርማላታውን ስለሚያረጋው ጥቂት ጥሬ ፍሬዎች መቀላቀል ይጠቅማል።

ስጋት፦ በምግብ ቤት ንጽሕናው በሌላ ሰው እጅ ነው። በለቀማ ደግሞ መርዛማ ፍሬ አለ፤ ወፍ በላው ተብሎ አይቀመስም።

ከወዳጅ ጋር ለመጫወት ምግብ ቤቱን እመርጣለሁ። ፍሬውን ለይቶ ለሚያውቅና ለግማሽ ቀን ለማይሰስት ማርማላታው ይሻላል።