ሩት ካናል ልታሠሩ ከሆነ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሩት ካናል የሚከፈለው በጥርስ ነው ወይስ በካናል? ይህን ወንበሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። (ሩት ካናል ማለት የታመመ ጥርስን ሳይነቅሉ ውስጡን አጽድቶ መሙላት ነው፤ ካናል የሚሉት ደግሞ በጥርሱ ሥር ውስጥ ያለውን ቀጭን ቀዳዳ ነው።) እኔ መልሱን የሰማሁት ጥርሴ ተፈልፍሎ፣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ፣ አፌ በጥጥ ታጭቆ ነው።

ክሊኒኩን ታውቁታላችሁ። ስሙን ባልጽፈውም ታውቁታላችሁ። ፎቅ ላይ ያለ፣ በሩ ላይ ጥርሷ በረዶ የሆነች ልጅ ፎቶ የተለጠፈበት፣ ሶፋው የሚያሰምጥ፣ ትልቁ ቲቪ ቀኑን ሙሉ ድራማ የሚያሳይ፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ «ያለ ምንም ሕመም፣ በአንድ ቀን» የሚል። ከነዚያ አንዱ ነው።

ያመመኝ የታችኛው የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርሴ ነው። ቅርንፉድ ነከስኩበት፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ አደረግኩበት፣ የጎረቤቴ እናት አረቄ ያዢበት አሉኝ፣ ያዝኩበት። አሞክሳሲሊን ገዝቼ ዋጥኩ። እብጠቱ ጎደለ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ መጣ። ለካ እንዲያ ነው የሚያደርገው። የጥርሱ ነርቭ አንዴ ሞቶ ውስጡ መግል ከያዘ፣ የሚዋጥ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም፤ ወይ ውስጡ ይጸዳል ወይ ይነቀላል። እኔ ደግሞ መንጋጋዬን ማጣት አልፈለግኩም።

ካርድ አወጣሁ፣ ራጅ አነሱኝ። ዶክተሩ ራጁን ለራሱ አየና «ይድናል፣ ሩት ካናል ይሠራልዎታል» አለ። ስንት ነው ስለው «ሪሴፕሽን ይነግሩዎታል»። ሪሴፕሽኗ 6,000 ብር አለችኝ። ሌላ የሚጨመር ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፣ በደንብ ነው የጠየቅኳት። «በኋላ ክራውን (ጥርሱ ላይ የሚደረገውን ሽፋን) ከፈለጉ እሱ ለብቻው ነው፣ ሌላ የለም» አለች። ከፈልኩ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ማደንዘዣውን ተወጋሁ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተጋደመ። መሰርሰሪያው ጥርሴን ከላይ ከፈተው፣ መግሉ መውጫ ሲያገኝ ያ ስንት ሌሊት ሲወጥረኝ የከረመው ነገር ለቀቅ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ዶክተሩን በሆዴ መርቄዋለሁ። ከዚያ መሰርሰሪያው ቆመ። ዶክተሩ ወደኔ ሳይሆን ወደ ነርሷ ዞሮ «ሦስት ነው፣ ንገሪያቸው» አላት። ነርሷ ወጣች። እሱ ጓንቱን አወለቀና ስልኩን መነካካት ጀመረ። እኔ እንደተጋደምኩ ነኝ። ምራቅ የሚስበው ቱቦ ጉንጬ ውስጥ ይንኳረራል።

ሪሴፕሽኗ ወረቀት ይዛ ገባች።

«ጥርስሽ ሦስት ካናል ነው ያለው። የከፈልሽው የአንዱን ነው። ቀሪው 12,000 ነው፣ አሁን ትከፍያለሽ?»

ቅድም ሶፋው ላይ «እርስዎ» ነበርኩ። ጥርሴ ሲከፈት «አንቺ» ሆንኩ።

ጥጡን በጣቴ ላወጣ ስል ነርሷ እጄን ያዘችኝ፣ ይበከላል ብላ። እንደምንም «ስድስት ሺህ ነው ያላችሁኝ» አልኩ፣ በዚያ በደነዘዘ ከንፈር ምን ብሎ እንደወጣ እግዜር ይወቀው። ሪሴፕሽኗ ነርሷን አየቻትና ሳቀች። እኔ ፊት! «የኔ እናት፣ አቅም ከሌለሽ እኮ እንነቅልልሻለን፣ መንቀል ርካሽ ነው።» ዶክተሩ ከስልኩ ቀና ሳይል «ወይም በጊዜያዊ ሙሌት እንዝጋውና ስታገኚ ትመጫለሽ» አለ። ስታገኚ!

12,000 ብር የኔ የወር ቤት ኪራይ ነው። ግን ጥርሴ ተከፍቷል፣ የት ልሂድ? ያ ሰማያዊ ወረቀት አንገቴ ላይ እንደታሰረ፣ ተንጋልዬ፣ ስልኬን ከፍቼ ላክሁ። ቁጥሩን እሷ ጠራችልኝ። የሚመጣው ስም የክሊኒኩ አይደለም፣ የግለሰብ ነው። መልእክቱ እስኪገባ ራሴ ላይ ቆማ ጠበቀች። «ገብቷል ዶክተር» አለችው። ያኔ አዲስ ጓንት አደረገ።

በጣም የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ቤት ገብቼ አነበብኩ፣ በኋላም ሌላ ሐኪም ጠየቅኩ። የታችኛው የመጀመሪያው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ካናል ነው ያለው፣ አንዳንዴም አራት። ባብዛኛው ባለ አንድ የሆኑት የፊት ጥርሶች ናቸው። ይህን የጥርስ ሐኪም ተማሪ ሳለ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ «ሦስት ነው» ያላት ከፍቶ ሲያይ ያገኘው አዲስ ነገር አልነበረም። ጥርሴ እስኪከፈት የተቀመጠልኝ ሂሳብ ነው። ነርሷም ሪሴፕሽኗም ተራቸውን የሚያውቁበት አኳኋን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳልሆነ ይናገራል።

ስወጣ ደረሰኝ ስጡኝ አልኩ። የ6,000ው ከማሽን ወጣ፣ ላዩ ላይ «ሩት ካናል፣ 1 ጥርስ» ይላል። በካናል የሚል የለበትም። የ12,000ው ሲባል ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ። ራጄን ስላቸው ራጅ አንሰጥም፣ የክሊኒኩ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ጥርሱ ቢድን እኮ ዝም እል ነበር። አልዳነም። እንጀራ እንኳ በዚያ በኩል ማላመጥ አቃተኝ፤ ነካ ሳደርገው ያው የድሮው ሕመም ነው። ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ያሉት ዶክተር ራጁን ቀጥ አድርገው አንስተው አላቆሙም፣ ጠመም አድርገው ደገሙት፣ ምክንያቱም የፊተኛው ሥር ሁለቱ ካናሎች ቀጥ ብሎ ሲታዩ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረባሉ። ስክሪኑን ወደኔ አዞሩልኝ። ካናል የሚሞላበት ጎማ መሰል ነገር፣ ጉታ ፐርቻ ይሉታል፣ ራጅ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ሁለት ነጭ መስመር ነው ያለው። ሦስተኛው የለም፣ ባዶ ነው። ከሁለቱም አንዱ የሥሩ ጫፍ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቆሟል።

በካናል አስከፍለውኝ ካናል አጉድለውብኛል።

ስደውል ሪሴፕሽኗ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ሌላ ቦታ ከነካሽው እኛ ኃላፊነት አንወስድም።» ራጅ መነሳት መንካት ሆነ እንግዲህ። ይህን ባለችኝ በማግስቱ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፦ ውድ ደንበኛችን፣ በክራውን ላይ የበዓል ቅናሽ አድርገናል።

የምላችሁ ይኸው ነው። ዋጋውን «እስከ መጨረሻው፣ ለጥርሱ በሙሉ» ብላችሁ በወረቀት አጽፉ፣ ከማደንዘዣው በፊት። በግለሰብ አካውንት አትላኩ። ሲጨርሱ የመጨረሻውን ራጅ እዚያው ስክሪኑ ላይ አሳዩኝ በሉና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ነጮቹን መስመሮች ራሳችሁ ቁጠሩ። አዋጅ 813/2006 ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያዛል። እነሱ ግድግዳ ላይ የለጠፉት የልጅቷን ጥርስ ብቻ ነው።

ሰኞ የ6,000ውን ደረሰኝ፣ የባንኩን መልእክትና አዲሱን ራጅ ይዤ ጤና ተቋማትን ወደሚቆጣጠረው ቢሮ እሄዳለሁ። እንዲህ ተደርጋችሁ አቤት ብላችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ምን ይዛችሁ እንደሄዳችሁ ጻፉልኝ።