«በይግባኝ እናነሳዋለን» የሚል ጠበቃ አትያዙ፦ ሁለት ጠበቃ ይዘን ያየሁት

ስለ ጠበቃ አገልግሎት የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ክፍያ ነው። እኔ ስለ ሌላ ነገር ልጽፍ ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሲያቀርብ የእናንተ ጠበቃ «ተቃውሞ አለኝ» ብሎ ብድግ ይላል ወይስ ዝም ይላል? የአክስቴን ልጅ ጉዳይ ስምንት ወር ያህል ችሎት እየተመላለስኩ ተከታትያለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ረስቼ ይሄን ብቻ ብነግራችሁ ይበቃል። የጠበቆቹንም የፍርድ ቤቱንም ስም አልጠቅስም፣ መዝገቡ ገና አልተዘጋም።

ክሱ ከባድ ስርቆት ነው። ልጁ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተቆጣጣሪ ነበር። ጣቃ ጨርቅ ጎደለ ተባለና እሱ ተያዘ።

የመጀመሪያውን ጠበቃ ዘመድ ጠቁሞን ነው የያዝነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ቀጠሮ አያሳልፍም፣ ስልክ ያነሳል። ግን የመጀመሪያው የዐቃቤ ሕግ ምስክር የተሰማ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ዐቃቤ ሕጓ ምስክሩን «ተከሳሹ ጣቃውን ተሸክሞ በኋላ በር ሲወጣ አይተኸዋል አይደል?» አለችው። «አዎ» አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምስክሩ ስለ ኋላ በር አንዲት ቃል አልተነፈሰም ነበር! መሪ ጥያቄ የሚባለው ይሄ ነው፣ መልሱን አጉርሶ መጠየቅ። የእኛ ጉዳይ በታየበት በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 137 መሠረት፣ ምስክሩን የጠራው ወገን በዋና ጥያቄ ላይ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ እንዲህ መጠየቅ አይችልም። በመስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም ተቃራኒው ወገን ምስክሩን ሲጠይቅ ነው የሚፈቀደው። የእኛ ሰው ግን አቀርቅሮ ማስታወሻ ይጽፋል።

ከችሎት ስንወጣ አክስቴ «ምነው ዝም አሉ?» አለችው። «አያስቡ እናቴ፣ በይግባኝ እናነሳዋለን» አላት። ያኔ ለእኔም ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ የገባኝ ሌላ ጠበቃ ልናማክር ስንሄድ ነው። ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ገንዘብ አይደለም። «ተቃውሞ ቀርቧል? መዝገቡ ላይ አለ?» ነው ያለን። የለም አልነው። ነገሩን በቀላሉ አስረዳን። ይግባኝ ሰሚው ችሎት በዋናነት የሚያየው መዝገቡን ነው። ተጨማሪ ማስረጃ የሚሰማበት አንቀጽ አለ፣ ግን ምስክሮቹን እንደ አዲስ ከሀ እስከ ፐ አይሰማም። ማስረጃ ይግባ አይግባ ወይም ጥያቄ ይጠየቅ አይጠየቅ የሚል ክርክር ሲነሳ፣ በአንቀጽ 146 ዳኛው እዚያው ወዲያውኑ መወሰን አለበት። በዚያ ውሳኔ ላይ ዋናው ጉዳይ ሳያልቅ ለብቻው ይግባኝ ማለት አይቻልም፤ አንቀጽ 184 ይከለክላል። ይኸው አንቀጽ ግን በመጨረሻ በፍርዱ ላይ ይግባኝ ሲባል ያ ውሳኔ አንድ የይግባኝ ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ አስቡት፣ ተቃውሞ ካልቀረበ ውሳኔ የለም። ውሳኔ ከሌለ የበላዩ ፍርድ ቤት ምኑን ነው የሚያርመው?

አንድ ነገር እዚህ ላይ አይምታታባችሁ፣ እኔም አምታትቼው ስለነበር ነው። ክሱ እንደተነበበ የሚቀርበው መቃወሚያ ሌላ ነው። እሱ አንቀጽ 130 ላይ ያለው ሲሆን፣ ይርጋ (የመክሰሻው ጊዜ ገደብ) አልፎታል፣ በዚሁ ጉዳይ ከዚህ በፊት ተፈርዶብኛል ወይም ነፃ ወጥቻለሁ የሚሉትን ዓይነት ነገሮች ይይዛል፤ በጊዜው ካልተነሳ በኋላ ማንሳት በጣም ከባድ ነው። እኔ የማወራው በምስክርና በሰነድ ጊዜ ስለሚነሳው ተቃውሞ ነው።

ጠበቃ ቀየርን። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ልዩነቱን በዓይኔ አየሁት። ሁለተኛው ምስክር «ጥበቃው ነግሮኝ ነው» ብሎ መተረክ ሲጀምር ብድግ አለ። «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ተቃውሞ አለኝ፤ ምስክሩ የስሚ ስሚ ነው የሚናገሩት» አለ። ዳኛው አልተቀበሉትም፣ ምክንያቱም ያው አንቀጽ 137 ምስክር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ስለሚያውቀው ፍሬ ነገር እንዲጠየቅ ይፈቅዳል። ተሸነፈ ማለት ነው። ግን አልተጨቃጨቀም። «ተቃውሞዬና የፍርድ ቤቱ ምክንያት መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ» ብሎ ተቀመጠ። መስቀለኛ ጥያቄ ሲደርሰው ደግሞ ጥበቃው አሁን የት እንዳለ ጠየቀ። ምስክሩ እዚያው መጋዘን ይሠራል አለ። ዐቃቤ ሕግ ግን በምስክርነት አልቆጠረውም ነበር።

ትልቁ ነገር የመጣው የፖሊስ ጣቢያው ቃል ሲቀርብ ነው። ልጁ ሌሊቱን ሲጠየቅ አድሮ ሊነጋ ሲል የፈረመው ወረቀት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ጠበቃው ይህን ጠቅሶ ተቃወመ። ዳኛው «ከፍርዱ ጋር እንመዝነዋለን» አሉ። እሱ በትሕትና ግን ሳያፈገፍግ «ክብደቱ በፍርድ ጊዜ ይመዘናል፣ ተቀባይነቱ ግን አሁን እንዲወሰን አመለክታለሁ» አለ። ችሎቱ ፀጥ አለ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ዳኛው ትንሽ ጽፈው ማስረጃው ተቀባይነት አለው ሲሉ ወሰኑ፣ ምክንያታቸውንም አስመዘገቡ። አክስቴ ያለቀልን መስሏት አለቀሰች። ጠበቃው ውጪ አግኝቷት «እናቴ፣ ዛሬ የፈለግኩትን አግኝቻለሁ፣ አሁን በጽሑፍ አለ» አላት።

ልጁ ጥፋተኛ ተባለ። አዎ፣ ተፈርዶበታል፣ ይሄን አልደብቅም። ይግባኝ ባይነቱ በ15 ቀን ውስጥ ተገለጸ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰን በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ ደግሞ ማመልከቻው ገባ። ማመልከቻውን አንብቤዋለሁ። «ፍትሕ ተጓደለ» የሚል ጩኸት የለበትም፤ ተቃውሞው የቀረበበትን ቀን፣ የመዝገቡን ገጽ፣ የዳኛውን ምክንያት፣ ለምን ስህተት እንደሆነ፣ ስህተቱ ፍርዱን እንዴት እንደለወጠው ጠቅሶ ሄዷል፣ ምክንያቱም የጥፋተኝነቱ ፍርድ ራሱ ያንን የጣቢያ ቃል ሁለት ቦታ ላይ ጠቅሶታል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት «ያስቀርባል» ብሏል፣ ይግባኙ ሊታይ የሚገባው ነው ማለት ነው።

ቅሬታም አለኝ። ስልክ አያነሳም፣ መልእክት ልከህ ሁለት ቀን መጠበቅ ነው። ለግልባጭና ለመጓጓዣ የሚወጣው ብር ከክፍያው ውጪ መሆኑን ቀድሞ አልነገረንም፣ ይሄ ቤተሰቡን አስቀይሟል። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በፊት ምን ሊሆን እንደሚችል ቢነግረን አክስቴ ያን ሁሉ ባልተጨነቀች። ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ፣ ያጎደልኩት አንዱም ለዚህ ነው።

ጠበቃ ልትይዙ ከሆነ ቢሮው ሄዳችሁ አንድ የቆየ የይግባኝ ማመልከቻውን ስም ሸፍኖ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በሥር ፍርድ ቤት ያቀረበውን ተቃውሞ እየጠቀሰ የሚሄድ ከሆነ ያዙት። ደግሞ ከመጀመሪያው ምስክር በፊት ያዙት። እኛ ዘግይተናል። አዲሱ ጠበቃ የመጀመሪያው ምስክር ተመልሶ እንዲጠራ አመልክቶ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። መስቀለኛ ጥያቄ አለማቅረብ ብቻውን የምስክሩን ቃል እንደማመን እንደማይቆጠር አንቀጽ 140 ላይ አሳይቶን ትንሽ ተጽናንተናል። ያቺ «አዎ» ግን ማንም ሳይቃወማት ገብታ መዝገቡ ላይ ተቀምጣለች፣ ይግባኙ ላይም ስለ እሷ የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው።