የውሸት አንቲቫይረስ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ገባ? ዲፌንደር፣ ማልዌርባይትስ ወይስ ፎርማት

ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ሳጥን ብቅ ይላል። «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረሶች ተጠቅቷል!» የታዋቂዎቹ አንቲቫይረሶች የማካፊ ወይም የኖርተን አርማ ተለጥፎበታል። ከሥሩ «አሁኑኑ ያድሱ» የሚል ቁልፍ አለ። ስትጫኑት የካርድ ቁጥር ይጠይቃችኋል። እዚህ ጋ ሰው ወይ ይከፍላል፣ ወይ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ፎርማት ወደሚያደርግለት ልጅ ይሮጣል። ኪሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን እንያቸው። አብዛኞቹ ነፃ ናቸው።

ማጭበርበሪያው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን «ዊንፊክሰር» እና «ኤክስፒ አንቲቫይረስ» የሚባሉ የውሸት ፕሮግራሞችን በሚሸጡ ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ። በ2012 ከተከሳሾቹ አንዷ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንድትከፍል ተፈረደባት። ገበያው ምን ያህል ይደራ እንደነበር ከዚህ ገምቱ።

መጀመሪያ፦ ቫይረስ ነው ወይስ ኖቲፊኬሽን?

ዛሬ ከሚያጋጥሙን አብዛኞቹ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባ ምንም ነገር የላቸውም። ኳስ ወይም ፊልም በነፃ የሚያሳይ ድረ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው (ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ» ይላል። ይጫናል። ከዚያ በኋላ ድረ ገጹ ደስ ባለው ሰዓት ማስጠንቀቂያ ይልካል።

ሳጥኑን ጠጋ ብላችሁ እዩት። «ጉግል ክሮም» የሚል ጽሑፍና የማታውቁት የድረ ገጽ አድራሻ በትንሹ ተጽፎበት ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፤ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ቀጥሎ ሳይት ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ኖቲፊኬሽንስ። የተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ያሉትን እንግዳ አድራሻዎች አጥፉ። አለቀ። ምንም መግዛት፣ ምንም ማውረድ አያስፈልግም።

እውነተኛው ትሮጃን፣ ማለትም ጠቃሚ ፕሮግራም መስሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባው ቫይረስ፣ ሌላ ጠባይ አለው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ይነሳል። በጥቂት ሰከንድ «ስካን» አድርጎ በደርዘን የሚቆጠር ቫይረስ አገኘሁ ይላል። ታስክ ማናጀርን (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውንና የሚዘጋውን) አላስከፍትም ይላል፤ ልትከፍቱት የሞከራችሁትን ፕሮግራም ሁሉ «ተበክሏል» እያለ ይዘጋዋል። ለማጥፋት ደግሞ ክፈሉኝ ይላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ላገኘው ቫይረስ ማጥፊያ ሳንቲም ጠይቆ አያውቅም። እንዲህ ዓይነቱ ከገጠማችሁ ወደ ምርጫው እንሂድ።

ዲፌንደር ወይስ ማልዌርባይትስ?

ዲፌንደር ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ቀድሞውኑ አለ። ትልቁ ጉልበቱ ብዙ ሰው የማይነካው «ኦፍላይን ስካን» ነው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍታችሁ፣ ስካን ኦፕሽንስ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ይፈትሻል። ትሮጃኑ ገና ስላልተነሳ ሊከላከል አይችልም። ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የተከፈተ ሥራ ካላችሁ አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ። ድክመቱ፣ ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ገለል ይላል። ከነፃ ፕሮግራም ጋር ተለጥፈው በሚገቡ የማስታወቂያ ኮተቶች ላይም አንዳንዴ ለስለስ ይላል።

ማልዌርባይትስ የተባለው የቫይረስ ማጽጃ ፕሮግራም የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ኮተቱን፣ የብሮውዘር ኤክስቴንሽኑን፣ ሳታውቁት የተቀየረውን የመነሻ ገጽ ይለቅማል። ነፃው ይፈትሻል፣ ያጠፋል፤ ቀን ከሌት የሚጠብቀው ግን የሚከፈልበት ነው። ስትጭኑት ለ14 ቀን የሚከፈልበትን ያስሞክራችኋል፤ ሲያልቅ ወደ ነፃው ይመለሳል፣ አትደናገጡ። የዚሁ ድርጅት «አድውክሊነር» ደግሞ ኢንስቶል ማድረግ አይፈልግም። ትንሽ ስለሆነ በጤነኛ ኮምፒውተር አውርዳችሁ በፍላሽ ማምጣት ትችላላችሁ። ፓኬጅ ለሚቆጥብ ሰው ይመቻል። ትሮጃኑ ፕሮግራሞቹን አላስከፍት ካለ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊዎቹን ፕሮግራሞች ብቻ ይዞ በሚነሳበት) ገብታችሁ ሞክሩ።

ለእኔ መልሱ ሁለቱንም በተራ ነው። መጀመሪያ ኦፍላይን ስካን፣ ከዚያ ነፃው ማልዌርባይትስ። ለአንድ ቤት ላፕቶፕ ከዚህ በላይ መክፈል ብክነት ይመስለኛል።

የሩሲያው አንቲቫይረስ ድርጅት ካስፐርስኪም በፍላሽ የሚነሳ ጥሩ ነፃ ማጽጃ አለው፤ ዊንዶውስ ጭራሽ አልነሳ ሲል ጠቃሚ ነው። አሜሪካ ላላችሁ ግን አይሆንም፤ መንግሥት በ2024 ሽያጩንም ዝመናውንም አግዷል።

ፎርማትስ?

ፎርማት ያጸዳል፤ አይካድም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ፎቶና ሰነድ ባክአፕ ካልተደረገ አብሮ ይሄዳል። ደግሞ ብዙ ቦታ የሚጫነው ዊንዶውስ ክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሰበረ ቅጂ፣ ነው። ክራኩን የሚያነቃው ፕሮግራም በአብዛኛው «መጀመሪያ ዲፌንደርን አጥፉ» ይላል፤ ልጁም ያጠፋዋል። ላፕቶፑ ንጹህ ሆኖ ግን በሩ ተከፍቶ ነው የሚመለስላችሁ። ስትረከቡ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍታችሁ መብራቱን እዚያው አረጋግጡ። በፍላሽ የሚዞር ክራክ አንቲቫይረስማ ጨርሶ አይታሰብ።

«በነፃ እንፈትሽላችሁ» የሚል ሱቅም ሁሉ አይታመንም። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ኦፊስ ዲፖ የተባለው የሱቅ ሰንሰለትና ሶፍትዌሩን ያቀረበለት ድርጅት በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ፍተሻው ሲጀምር ደንበኛው «ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል?» ዓይነት ጥያቄዎች ይጠየቅ ነበር። ከመካከላቸው ለአንዱ አዎ ካለ፣ ስካኑ ምንም ያግኝ ምንም፣ ውጤቱ የቫይረስ ምልክት አለ ይላል።

መክፈል የሚያዋጣው ለማን ነው?

ኢንተርኔት ካፌ ወይም ቢሮ ላለው፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያወርዱ ልጆች ላሉበት ቤት። ነፃው ማልዌርባይትስ ለግል አገልግሎት ስለሆነ ድርጅት ፈቃድ መግዛት አለበት። ስትገዙ የመጀመሪያውን ዓመት ቅናሽ ብቻ አትዩ፤ በሁለተኛው ዓመት ዋጋው ስንት እንደሚሆን ጠይቁ፣ በራሱ የሚታደሰውንም አጥፉት።

ለውሸቱ ፕሮግራም ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ስካኑ ይቆይ። መጀመሪያ ባንክ ደውላችሁ ካርዱን አዘጉ። ለአጭበርባሪዎቹ ስልክ ደውላችሁ፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ በሚያስቆጣጥረው በኤኒዴስክ ካስገባችኋቸው ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ የኢሜይልና የባንክ ፓስወርዳችሁን ከሌላ ስልክ ቀይሩ። ማጽዳቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።