ስልኬን ሳልነካ እንድሠራ ላስቻለችኝ የአይቲ ባለሙያችን

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ።

ሥራዬ ትርጉም ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ረጃጅም ሰነዶችን እተረጉማለሁ። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ሐሳቤ ይበተናል። መላ ብዬ የያዝኩት የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ነበር። 25 ደቂቃ እሞላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሲጮህ አርፋለሁ። ችግሩ ስልኩ ራሱ ነው። ሰዓቱን ልሞላ አነሳዋለሁ። ቴሌግራም ላይ መልእክት አያለሁ። እሱን ስመልስ ሌላ ይመጣል። ቆጣሪውን ሳልሞላው ግማሽ ሰዓት ሄዷል።

የአይቲ ባለሙያችን የመጣችው ለዚህ አልነበረም። ፕሪንተር ልታስተካክል ነው የመጣችው። ሥራዋን እየሠራች ስልኬን ሳነሳና ሳስቀምጥ አየችኝ መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ስልኩን ለምንድን ነው ደጋግመው የሚያነሱት?» አለችኝ። ነገርኳት። ፕሪንተሩን ጨርሳ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

ተርሚናል የሚባለውን፣ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ጥቁር መስኮት ከፈተች። ያ መስኮት ለባለሙያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋችው። «እርስዎ ይጻፉት፤ እኔ ከጻፍኩት ነገ ይረሱታል።» ስሊፕ (sleep) ብዬ ጻፍኩ፤ የተባለውን ጊዜ ጠብቅ ማለት ነው። ክፍተት ተውኩ። 25፣ ከቁጥሩ ጋር ተጣብቃም ደቂቃ መሆኑን የምትናገረው ኤም። ቀጥሎ የ«እና» ምልክት (&) ሁለት ጊዜ። ከዚያ መልእክት ስክሪን ላይ የሚያወጣው ትእዛዝ፣ ኖቲፋይ፣ ሰረዝ፣ ሴንድ (notify-send)፤ በመጨረሻም ጊዜው ሲያልቅ እንዲታየኝ የምፈልገው ጽሑፍ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ። «ምን ልበል?» ብላት እሱን ራሷ ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ይነሱ»።

ኢንተር ተጫንኩ። ምንም የለም። ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ተበላሸ ብዬ ልዘጋው ስል፣ «ተዉት፤ ዝም ካለ እየቆጠረ ነው» አለችኝ። ወደ ሰነዴ ተመለስኩ። ከጠዋት ጀምሮ ስታገለው የነበረው አንቀጽ አልቆ ቀጣዩ ላይ ሳለሁ ከስክሪኑ ጥግ መልእክቷ ብቅ አለ። እሷ ሄዳ ነበር።

ዘዴው ራሱ የቆየ ነው። ፖሞዶሮ ይባላል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የኩሽና ሰዓት ጊዜውን እየለካ ማጥናት ጀመረ። ፖሞዶሮ በጣሊያንኛ ቲማቲም ማለት ነው። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት፤ ከአራት ዙር በኋላ ረዘም ያለ እረፍት። ያ ሰዓት ከመቁጠር ሌላ ሥራ አልነበረውም። የኔዋ መስመርም እንደዚያው ናት። ስልክ ላይ ያጣሁት ይህንን ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት ምልክቶቹን አንድ በአንድ ማስረዳቷን ነው። ሁለቱ የ«እና» ምልክቶች የሚሉት «የፊተኛው በደህና ካለቀ ብቻ የኋለኛውን ሥራ» ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ኮንትሮልና ሲ ተጭኜ ካቋረጥኩት መልእክቱ አይመጣም። ሳልጨርስ ጨረስክ አይለኝም። ኮምፒውተሬ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ስርዓተ ክወና ነውና ማሽኑ ሲተኛ ቆጠራውም አብሮ ይቆማል፤ ሲነቃ ከነበረበት ይቀጥላል። ተርሚናሉን ከዘጋሁት ግን ቆጠራው ይቀራል።

በሳምንቱ ሳልጠራት መጣች። «እየሠራ ነው ጋሼ?» ብላ። እንዲያውም ጨመረችልኝ፤ እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ቀኑና ሰዓቱ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይመዘገባል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ወደ ፋይሉ የምታመለክተው ቀስት (>) ሁለት ጊዜ መጻፍ አለባት። ሁለት ከሆነች ከታች ትጨምራለች፤ አንድ ከሆነች የነበረውን አጥፍታ አዲስ ትጽፋለች። አንዷን ረስቼ የዘጠኝ ቀን መዝገብ ጠፍቶብኛል። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት። ስነግራት መስመሩን በሙሉ በአንድ አጭር ስም አሳጠረችልኝ፤ አሊያስ ይሉታል። አሁን ሁለት ፊደል ጽፌ ኢንተር እላለሁ፣ የምሳሳትበት ነገር የለም።

ለማን እጠቁማለሁ? ለሚጽፍ፣ ለሚያጠና፣ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ስልክ ለሚያዘናጋው ሁሉ። የሚጫን ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ስሊፕ ሊኑክስም ማክም ላይ አለ። ማክ ላይ 25 ደቂቃውን በሰከንድ፣ 1500 ብላችሁ ጻፉ፣ በመልእክቱ ፈንታ ደግሞ ሴይ (say) የሚለው ትእዛዝ ጽሑፉን በድምፅ ያነብላችኋል። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል በሚባለው የትእዛዝ መስኮት ውስጥ ስታርት ሰረዝ ስሊፕ (Start-Sleep) አለላችሁ። ካስቸገራችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን የአይቲ ባለሙያ ጠይቁ። እኔ እነሱን የምጠራው የሆነ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነበር።

እህቴ፣ ስምሽን እንዳልጽፍ ስላልሽኝ አልጻፍኩም። ሌላ ሥራ እየጠበቀሽ ወንበር ስበሽ ተቀመጥሽ፤ ኪቦርዱንም ለኔ ተውሽልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልእክቱን አልቀየርኩትም፤ ዛሬም በየ25 ደቂቃው «ጋሼ፣ ይነሱ» ይለኛል፣ እነሳለሁም።