«ማርያም የሳመችውን» በክሬም ለማስነሳት ከመክፈላችሁ በፊት

በቴሌግራምና በቲክቶክ «ጥቁር ነጥብንና ኪንታሮትን በ7 ቀን ከነሥሩ ይነቅላል» የሚባል ክሬም እየተቸበቸበ ነው። አንዳንድ የውበት ሳሎኖችም እንደ ስልክ ቻርጅ በሚደረግ፣ ጫፉ ላይ መርፌ ባለው ብዕር ያቃጥላሉ። መርፌው ለቀጣዩ ደንበኛ ይቀየር አይቀየር ሌላ ጣጣ ነው። ዋናው ነገር፣ የሚያነሱላችሁ ምን እንደሆነ ሻጩም ሳሎኑም አለማወቃቸው ነው።

ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ ዚንክ ክሎራይድ የተባለ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል አለባቸው። ጤነኛውንም የታመመውንም ቆዳ ሳይለይ ይበላል፣ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱ ከቀናት በኋላ ይረግፋል። «ይኸው ሥሩ ወጣ» እያሉ ፎቶ የሚለጥፉት ይህንኑ የሞተ ቆዳ ነው። ነጥቡ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ከነበረ፣ የተረፈው ከጠባሳው ሥር ማደጉን ይቀጥላል፤ ላዩ ግን የዳነ ይመስላል። ሕክምናው የሚወሰነው ካንሰሩ ስንት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ እንደገባ በማይክሮስኮፕ ተለክቶ ነው፤ የተቃጠለ ነገር ደግሞ አይለካም። ማሸጊያው ላይ «በኤፍዲኤ የጸደቀ» የሚል ካያችሁ ውሸት ነው፤ ኤፍዲኤ የተባለው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥቁር ነጥብ ለማስነሳት ያለ ማዘዣ የሚሸጥ አንድም ምርት አላጸደቀም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሻጮች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል።

«እኛን ፀሐይ ምን ያደርገናል» የሚሉም አሉ። አልቢኒዝም (ቆዳ የተፈጥሮ ቀለሙን የሚያጣበት ሁኔታ) ላለበት ሰው ፀሐይ ዋናው አደጋ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። እ.ኤ.አ. በ1981 ዘፋኙን ቦብ ማርሊን የገደለው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የተነሳ ሜላኖማ ነው። ስለዚህ ስትታጠቡ ተረከዛችሁንም ገልብጣችሁ እዩ።

የሚያጠራጥረው ነጥብ ሁለት ግማሹ የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተዛነፈ፣ ቀለሙ የተቀላቀለ ወይም ከ6 ሚሊሜትር የሰፋ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የሚለወጥ። በየወሩ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ብዙ ጥፍር ላይ ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር በእኛ ቆዳ የተለመደ ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ መጥቶ የሚሰፋ፣ ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ የተሻገረ ከሆነ ግን አትቆዩ። ተመትቶ ደም የቋጠረ ጥፍር ሲያድግ ጥቁረቱ አብሮ ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ መስመሩ ግን ከሥሩ አይለቅም።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው። ነጥቡ የሚቆረጥ ከሆነ «ናሙናው ፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ) ይላካል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስማችሁ የተጻፈበት፣ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ያለው ዕቃ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ፣ ውጤቱንም በወረቀት ተቀበሉ።

ክሬሙን ቀብታችሁ ከሆነ አቁሙ፣ በብዙ ውኃ እጠቡት፣ ቅርፊቱን አትላጡ። የድሮውን ፎቶና የክሬሙን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ጠባሳው ላይ ጥቁረት ተመልሶ ከመጣ ሻጩ «አንድ ዙር ይቀራል» ማለቱ አይቀርም፤ ሁለተኛ ዙር አትቀቡ።